ሁለት ጥንድ ካርቡራተር

ሞተር ሠርቶ መጨረስ ደስ ያሰኛል የሚሉ ሰዎች ሞተር ሠርተው አያውቁም። እኔ የዚያን ቮልስ ሞተር ስጨርስ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ወገቤ ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ቡራዩ አምቦ መንገድ ዳር ባለችው ጋራዤ ውስጥ እንደጎበጥኩ ከረምኩ። የሞተሩን ቤት ከአንድ ከተገለበጠ ቮልስ አወጣሁ፣ ፒስቶኖቹን በሰፋፊ ለወጥኩ፣ ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ፈጨሁ። ውሃ የማይጠጣ፣ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ የውድድር ሞተር ሆነ። የቀረው ካርቡራተር መምረጥ ብቻ ነበር። ብቻ! አፍ ሲያወጣው እንዴት ይቀላል።

ካርቡራተር ለማያውቀው ሰው የሞተር ጉሮሮ ማለት ነው። ነፋስና ቤንዚን እዚያ ተቀላቅለው ወደ ሆዱ ይወርዳሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጥንድ ነበረ። አንደኛው ረዳቴ ዲኖ አጎቱን አስቸግሮ ከአስመራ ያስመጣው የጣሊያን ሥራ ነው። ከተጋጨ የውድድር መኪና የወጡ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰፊ አፍ ያላቸው፣ የሚያብለጨልጩ ነገሮች ናቸው። ሌላው ጥንድ እኔ ከአሮጌ ቮልሶች ፈትቼ፣ ጉሮሯቸውን ትንሽ ጠርቤ፣ የቤንዚን መግቢያቸውን በልኩ አጥብቤ ያዘጋጀኋቸው ትንንሾቹ ናቸው። ለማየት እንኳ ያሳፍራሉ።

ዲኖ የሰበታው ጨርቅ ነጋዴ የአቶ ሀሰኖ ልጅ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የአባቱን መኪና ሊያሠራ መጣና አልተመለሰም። ይኸው ሃያ አራት ሞላው። መኪና ይነዳል፣ ሞተር ይፈታል፣ ያወራል፤ በተለይ ያወራል። ለእኔና ለባለቤቴ ለወርቅውሃ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ዲኖን እንደ ልጄ ነው የምወደው ብል አነሰ። ልጄ አድርጌው ነበር፣ አባቱ በሕይወት እያሉ። ጋራዧንም የሚረከበኝ እሱ እንደሆነ በልቤ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ።

አቶ ሀሰኖ ደግሞ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ሱቃቸው ውስጥ ቀዩን ጣቃ ከአረንጓዴው የሚለይላቸው ገዢው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። በኅዳር ወር ልጁን ጠርተው፣ «ከጥምቀት በኋላ ያለውን የእንጦጦ ውድድር አንደኛ ከወጣህ መርቄ ለአቶ ተድላ እሰጥሃለሁ። ካልወጣህ ግን ሜትርህን ይዘህ ሱቅ ትገባለህ» አሉት። ዲኖም ወላሂ ብሎ ማለ። ተድላ እኔ ነኝ። እንግዲህ የእኔም ነገር፣ የእሳቸውም ነገር፣ የልጁም ነገር አንድ ሞተር ላይ ተንጠለጠለ።

ውድድሩ ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ በጎጃም መንገድ ዳገቱን ይወጣና ሱሉልታ ያልቃል። ዲኖ ልቡ ከትልልቆቹ ጋር ነው። ገጥመንለት አንድ ቅዳሜ ቮልሷን ይዞ ወደ ገፈርሳ ወጣ። በዚያ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቮልሷ ባሕር ዛፉን አንቀጠቀጠችው። የቡራዩ ሰው ግማሹ ወጥቶ ያይ ነበር። «ጋሼ፣ አዩልኝ? በነዚህ ከነዳሁ የሚይዘኝ የለም!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገፈርሳ ላይ የሚይዘው አልነበረም።

እኔ ግን ገፈርሳ የምኖር ሰው አይደለሁም፣ ውድድሩም እዚያ አይደለም። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ብቻዬን እንጦጦ ወጣሁ። ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ እግሬን ከቤንዚኑ አንስቼ መልሼ ስረግጥ ሞተሩ ታነቀ። ሳለ፣ ተንተባተበ፣ ዘግይቶ ተነሳ። በየመጠምዘዣው እንደዚያው። ከፍታው ላይ ነፋሱ ስስ ነው። አፉ የሰፋ ካርቡራተር ደግሞ ነፋሱን ያዘገየዋል። የዘገየ ነፋስ ቤንዚን አያነሳም። ወርጄ ትንንሾቹን ገጠምኩና ደግሜ ወጣሁ። ቮልሷ ከየመጠምዘዣው እንደ ተቆጣች በቅሎ እየዘለለች ወጣች። ወገቤን እንኳ ረሳሁት። ትንንሾቹን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ መለስኩና ቤት ስደርስ ለወርቅውሃ «አገኘኋቸው!» ብዬ ፎከርኩ። ለዲኖ ግን ሰኞ እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት፤ ከዚያ ሥራ በዛና ማክሰኞም አለፈ።

ረቡዕ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ኦቦ ቀጄላ በሩ ላይ ቆሙ። ኦቦ ቀጄላ ጋራዤ ያረፈችበት ቦታ ባለቤት ናቸው። ቡራዩ ውስጥ እሳቸው ሳይገቡበት የታረቀ ጠብ የለም። ከጎናቸው ከሰበታ የመጡ ሼህ አሉ።

«አከም ጅርቱ ኦቦ ቀጄላ! ይግቡ እንጂ።»

«ፈያ፣ ፈያ» አሉና ገቡ። ከአንድ መኪና የፈታሁትን የኋላ ወንበር አራግፌ አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም። ሼሁም አልተቀመጡም። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌ ገብቶ አልቀመጥም ካለ ልመና ይዟል ማለት ነው። እሺ እስክትለው ቆሞ ይውላል።

«ሀሰኖ ልኮን ነው» አሉ ኦቦ ቀጄላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው። «ዓይኑን ታውቃለህ። ልጁ ቃል ገብቷል። ግን ቤት ውስጥ ሲያወራ፣ 'ትልልቆቹ ከተገጠሙልኝ አንደኛ ነኝ፣ በትንንሾቹ ከሆነ ግን ውራ ነው የምወጣው' ብሏል። ያ… ምን ነበር ስሙ?»

«ካርቡራተር» አሉ ሼሁ፣ ሲያጠኑት የመጡ ይመስላሉ።

«እሱን። ትልልቆቹን አትግጠምለት። ትንንሾቹን ግጠምለት። ልጁ ይሸነፍና ለአባቱ ይግባ። አንተም አባት ብትሆን ኖሮ ይህንኑ ትለምን ነበር።»

አንተም አባት ብትሆን። ይህችን ባይሏት ምን ነበረበት? እሳቸው ክፉ አስበው አይደለም። እኔ ግን ሰውነቴ ሁሉ ጋለ።

«ኧረ ኦቦ ቀጄላ፣ የሚያሸንፉት እኮ ትንንሾቹ ናቸው» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አንድ ልጅ ውሸት ሲናገር የሚፈጀውን ያህል እንኳ ጊዜ አትፈጅም። አፌን ከፈትኩ። ኦቦ ቀጄላ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እሺ ይበልጣል ከሺ» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ። «ትልልቆቹን አልገጥምም።»

ተቀመጡ። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፣ ኦቦ ቀጄላም መረቁኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። ደክሞኝ ነው ብል ሰበብ ይሆንብኛል። ደክሞኝም ነበር፣ ዝም ማለቱንም ፈልጌው ነበር።

ወርቅውሃ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከበሩ ጀርባ ሆና ሰምታለች። ሽማግሎቹ ሲሄዱ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ታየኝ ጀመር።

«ትንንሾቹ ደካሞች ናቸው እንዴ?» አለችኝ። «እሑድ ዕለት አገኘኋቸው ብለህ ቤቱን ስትረብሽ አልነበር?»

«የጠየቁኝን ነው እሺ ያልኩት።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ላይ እንኳ አትጠበብ። የለመኑህ እንዲሸነፍ ነው።»

«የለመኑኝ ትንንሾቹን እንድገጥም ነው!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ግን «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብላ ወጣች። በላሁ፤ ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም።

ዲኖ ከሰዓት መጥቶ ትንንሾቹ ሞተሩ ላይ ተገጥመው ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ይሄ እኮ የማንም ቮልስ ካርቡራተር ነው! በዚህ ነው አንደኛ የምወጣው?»

«ሞተሩን ማን ሠራው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው የሚገጠመውን እኔ አውቃለሁ።»

«ምክንያቱን ይንገሩኛ!»

ምክንያቱን ብነግረው ማታውኑ ለእናቱ ያወራል፣ ጠዋት ሰበታ ሁሉ ይሰማል፣ ከሰዓት ኦቦ ቀጄላ ተመልሰው ይቆሙብኛል። ስለዚህ ተቆጣሁ። ቁጣ ከማስረዳት ይቀላል። «እኔ ያልኩት ይሆናል፣ ካልፈለግህ ውጣ!» አልኩት። ልጁ ዕንባው መጣ። «ከተሸነፍኩ ያሸነፉኝ እርስዎ ነዎት» ብሎኝ እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም።

የውድድሩ ዕለት ሱሉልታ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። ንፋሱ አጥንት ይገባል። አቶ ሀሰኖ ከሼሁ ጋር በአውቶቡስ መጥተው ከአጠገቤ ቆመዋል። ምንም ስለማያዩ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው በጆሯቸው ነው የሚጠብቁት። እኔም በጆሮዬ ነው የምጠብቀው። ድምፁን ከሩቅ ለየሁት። ቮልሷ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ አንድም ጊዜ አልሳለችም። የአንድ ግሪክ ነጋዴ ቀይ መኪና ከኋላዋ ብቅ ሲል እሷ መስመሩን አልፋ ነበር።

«ማን ነው? ማን ነው የገባው?» አሉ አቶ ሀሰኖ ክንዴን ይዘው።

«ዲኖ ነው» አልኳቸው።

ክንዴን ለቀቁ። ከአስፋልቱ በእግራቸው እየዳበሱ ወረዱና ሣሩ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ሲነሱ ፊታቸው አፈር ነክቶታል፣ ዕንባም ነበረው። ያዘኑ መስሎኝ ነበር። አላዘኑም፤ ለአላህ ነበር የሰገዱት።

«አቶ ተድላ፣ ቃልዎን እንደጠበቁ ሼሁ ነግረውኛል፣ ትንንሾቹን ነው የገጠሙት» አሉኝ። «እኔ ሰው ነኝ፣ በሰው ብልሃት ልጄን ላስቀር ሞከርኩ። አላህ ግን በደካማው ዕቃ አሸናፊ አደረገው። ከዚህ በላይ ምን ምልክት እፈልጋለሁ? ፈርዷል። ልጁ የእርስዎ ነው፣ እኔም ልቤ ዐረፈ።»

ዲኖ ከመኪናው ወርዶ ከኋላችን ደርሶ ነበር። አባቱ ሽማግሌ መላካቸውንም፣ እኔ እሺ ማለቴንም ያኔ ነው የሰማው። ከዚያ ሳቀ። እየሳቀ አቀፈኝ። «ጋሼ፣ ለዚህ ነበር የተቆጡኝ? ሽማግሌ ከገባብዎት ምን ያደርጋሉ! ግን አዩ አይደል? በትንንሾቹም አሸነፍኩ!» ሁለቱም ወደ እኔ እያዩ ነበር፣ አንዱ በማያይ ዓይን። ያኔም አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። አልወጣችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ዲኖ ጋራዧ ውስጥ ከእኔ ጋር ዋለ። ደስ አላለኝም ብል ሐሰት ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍተው መስማት ብቻ ያጠግበኝ ነበር። ሙያውን አንድም ሳልደብቅ አሳየሁት፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ከመልኩ ማንበብ፣ የጎማ ቱቦ ጆሮ ላይ አድርጎ የካርቡራተር ትንፋሽ ማዳመጥ፣ ሁሉን። እሱም ቶሎ ያዘ። አቶ ሀሰኖ በበኩላቸው የሱሉልታውን ምልክት ለገዢው ሁሉ ያወሩ ነበር። ከሰበታ የሚመጣ ሰው «የአላህ ፍርድ ያረፈብዎት መካኒክ እርስዎ ነዎት?» ይለኛል። እኔ እጄን እጠርጋለሁ።

ዲኖ ደግሞ አንድ ሐሳብ ገባው። «በደካሞቹ አንደኛ ከወጣሁ በጠንካሮቹማ ማን ይችለኛል?» ይላል። ለሚቀጥለው ውድድር ትልልቆቹን ልሞክር አለ። ተው ልለው ይገባ ነበር፣ ግን ተው ካልኩ ለምን ይለኛል። ግንቦት ውስጥ አንድ ማለዳ ራሱ ገጠማቸውና እንጦጦ ወጣ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከመኪናው ሲወርድ አላወራም፤ ዲኖ አላወራም! አራቱን ካንዴላዎች በመሐረብ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው። የደህና ሞተር ካንዴላ መልኩ የገብስ ቆሎ ነው። እነዚህ ጥላሸት ለብሰዋል።

«ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ታነቀችብኝ» አለ። «እየደጋገምኩ ሞከርኩ። ከዚያ ቆሜ አሰብኩ። ከፍታው ላይ ነፋሱ ስስ ነው። አፉ ሲሰፋ ነፋሱ ይዘገያል፣ ቤንዚኑን አያነሳውም። እግሬን መልሼ ስረግጥ ደግሞ ባንዴ ይደፋበታል። እንደሱ ነው?»

«እንደሱ ነው።» ብታምኑኝም ባታምኑኝም ኮራሁበት። ጎበዝ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም ሳይነግረው ነው የደረሰበት።

«እንግዲያው ለዚያ ዳገት ደካሞቹ ትልልቆቹ ናቸው።»

«አዎ።»

«ያውቁ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ለመዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል። «አውቅ ነበር» አልኩት።

ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ወደ መሐረቡ መለሳቸው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «መቼ ነው ያወቁት? ሽማግሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለኝ።

ይህን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጉድለት ስትፈልግ ከየት እንደጀመረ ጠይቅ ያልኩት እኔ ነኝ።

«በፊት።»

መሐረቡን ቋጠረ። «አባቴ እኮ እዚያ ሣር ላይ በግንባሩ ተደፋ» አለ። «ለማን ነበር የተደፋው? ለእርስዎ?»

«ዲኖ…»

«እኔስ? አራት ወር ሙሉ በደካማ ዕቃ ያሸነፍኩ ነጂ ነኝ እያልኩ ሰው ሳደነቁር እያዩኝ ይስቁ ነበር?»

«ስቄ አላውቅም! በእናቴ አጥንት፣ አንድ ቀን አልሳቅኩም። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለኝም፣ ታውቃለህ። ዛሬውኑ ሰበታ ሄጄ ለአባትህ እነግራቸዋለሁ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

«አይሄዱም» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። «ያቺ ዕለት የአባቴ ትልቋ ቀን ናት። እያወራት ነው የሚውለው። ነግረው ምን ሊያተርፉለት ነው? እኔ ሱቅ እገባለሁ። ውድድር ሰለቸኝ፣ ከጎንህ መሆን ይሻለኛል እለዋለሁ። እርስዎ ዝም ይበሉ። ዝም ማለት ይችሉበታል።»

እጁን በቤንዚን፣ ከዚያም በሳሙና ታጠበ። ጃኬቱን ለበሰ። የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ካርቡራተሮቹ አጠገብ አስቀመጠና አውቶቡስ ወዳለበት ተሻገረ። በሩ ላይ ቆሜ አውቶቡሱ እስኪሄድ አየሁት፤ አልዞረም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ታክሲ ከጋራዤ ፊት ቆመ። አቶ ሀሰኖ በሹፌሩ እጅ ተደግፈው ወረዱ። ሹፌሩ ተመልሶ ከኋላ አንድ የበግ ሙክት አወረደ።

«አቶ ተድላ!» አሉ ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በርቶ። «ልጄ በገዛ እግሩ ገባልኝ! ማንም አላስገደደው። ውድድር ሰለቸኝ፣ ከጎንህ መሆን ይሻለኛል አለኝ። ይህ የእርስዎ ምክር መሆኑ ይጠፋኛል? በፍርድ ያገኙትን ልጅ በምክር መለሱልኝ።»

«እኔ አልመከርኩትም፣ አቶ ሀሰኖ።»

«ትሕትናዎን ተዉት!» ብለው ሳቁ። እጄን ፈልገው አገኙና በሁለት እጃቸው ያዙት። «እኛ ባርከን አርደን ብናመጣው አይበሉልኝም ብዬ በነፍሱ አመጣሁት። በእጅዎ ይረዱት። ሐቀኛ ሰው አይጥፋ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ወርቅውሃ ከውስጥ ወጥታ ቆማ ነበር። አየችኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ።

«አሜን» አልኩና ገመዱን ተቀብዬ በጉን ከቮልሷ ጋር አሰርኩት።